ግማሽ መላጣ የገባበት ፎቶ

ፎቶ አንሺው «አላውቅም» ብሎ አያውቅም። የሰፈሩ ሰው ስሙን ረስቶ «ቀና በል» እያለ የሚጠራው ይኸው ሰው፣ ስለ ፎቶ ተጠይቆ መልስ ያጣበት ቀን አልነበረም፤ ሳይጠየቅም ይመልሳል። ቅጽል ስሙ የመጣው ከሥራው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ሰው በርጩማው ላይ ባስቀመጠ ቁጥር «ቀና በል! አገጭ ዝቅ! ትከሻ ለቀቅ! አሁንም ቀና!» ሲል ኖሯል። ልማዱ ከደሙ ስለተዋሐደ መንገድ ላይ አጎንብሶ የሚሄድ ሰው ሲያይ እንኳ አፉን ይበላዋል።

ስቱዲዮው በዳቦ ቤትና በቁልፍ ቀራጭ መሀል የተሸጎጠ አንድ ክፍል ነው። ከኋላ ሰማያዊ መጋረጃ፣ ግራና ቀኝ ነጭ ጃንጥላ የተገጠመላቸው ሁለት መብራቶች፣ በሩ አጠገብ መስታወት፣ ከመስታወቱ ሥር ማንም ኪሱ ከትቶት እንዳይሄድ በክር የታሰረ ማበጠሪያ አለ። ከሁሉ የታወቀው ግን ሚስማር ላይ የተሰቀለው ጥቁር ኮት ነው። ኮት ሳይለብስ ለመጣ ወንድ ሁሉ ይዋሳል። ከኋላው ተተርትሯል፤ ወፍራም ሲለብሰው ይከፈታል፣ ቀጭን ሲለብሰው በመርፌ ቁልፍ ይያዛል። ካሜራ እንደሆነ ጀርባ አያይም። የሰፈሩን ወንዶች መታወቂያ ብትሰበስቡ ግማሾቹን ያንኑ ኮት ለብሰው ታገኟቸዋላችሁ።

ስልክ ሁሉ ካሜራ ካበቀለ ወዲህ ሥራው ቀዝቅዟል። የሚመጣውም ሰው ለመታወቂያ እየተነሳ ያቺኑ ጥያቄ ይጠይቀዋል። አንድ ቀን የሰፈሩ አስተማሪ ማበጠሪያውን በክሩ እየጎተተች፣

«ጋሼ፣ እንዲያው ለዕለት ለዕለቱ፣ ለልጆች ለምናምን፣ የስልክ ካሜራ አይበቃም?» አለችው።

«አይበቃም!»

«ለምን?»

«ስልክ የተሠራው ለወሬ ነዋ። በወሬ ዕቃ የተነሳ ፎቶም ወሬ ነው የሚሆነው። ስልክሽ ላይ ስንት ፎቶ አለ?»

«ኧረ እንጃ፤ አራት ሺህ ይሆናል።»

«ከአራት ሺው ውስጥ አንድ ቁም ነገር አሳዪኝ።»

አስተማሪዋ ስልኳን ስትፈትሽ ቆየች። የልጇ ጣት፣ የድመቷ ጭራ፣ የወጥ ቤቱ ወለል። በመጨረሻ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ከተተችው። እንዲህ ያለ ቀን ቀና በል እራቱ ይጣፍጠዋል።

ትልቁ ኩራቱ ግን ማንሳቱ ሳይሆን ማጽዳቱ ነው። ፊት ያጸዳል። ድሮ ነጋቲቭ ላይ፣ ጫፉ እንደ መርፌ በተቀረጸ እርሳስ፤ ዛሬ ኮምፒውተር ላይ፣ ብጉሩን፣ ጠባሳውን፣ የዓይን ሥር ጥቁረቱን አንድ በአንድ ይለቅማል። ደንበኛው ለመነው አልለመነው ግድ የለውም። «ከእኔ ቤት ሰው ጠባሳውን ይዞ አይወጣም» ይላል። በእውነትም አይወጣም። አንዳንዱ ሰው መታወቂያውን አውጥቶ «ይሄ አንተ ነህ?» እየተባለ በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የሚጉላላው በእሱ ጦስ ነው።

ከሁሉ አብልጦ ያጸዳው የእናቱን ፊት ነው። እናቱ ግራ ጉንጯ ላይ፣ ከጆሮዋ ሥር እስከ አፏ ጥግ የወረደ የቃጠሎ ጠባሳ አለባት። እሱ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለ የፈላ ውሃ ያለበትን ድስት ጎትቶ ሲያወርድ፣ ዘልላ ከላዩ ተደፋችበት። እሱን ጠብታም አልነካው። ነገሩን አያስታውሰውም፤ የነገረችው አክስቱ ናት። ካሜራ ከገዛ ጀምሮ በየዓመቱ እናቱን ያነሳታል፤ በየዓመቱም ያንን ጠባሳ ያጠፋዋል። እሷም ፎቶውን ስታይ «አይ ልጄ፣ አሳምረኸኝ!» ትለው ነበር። የስቱዲዮው ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት እናቶች ሠላሳ ናቸው፤ አንዷም ጠባሳ የላትም።

እናቱ መርሳት ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆናት። መጀመሪያ መነጽሯን፣ ቀጥሎ ቀኑን፣ ቀጥሎ ሰውን ረሳች። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፣ ጠዋት ወጥታ ሲመሽ ነው የምትገባው፤ ሴት ልጁ ኮሌጅ ትውላለች። ስለዚህ በየጠዋቱ እናቱን ይዟት ይወጣና ስቱዲዮው በር አጠገብ ወንበር ላይ ያስቀምጣታል። እሷም የገባ የወጣውን «እንደምን አደራችሁ» ስትል ትውላለች፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ብትልም «እንደምን አደራችሁ» ነው። እሱን አንዳንድ ቀን ታውቀዋለች፣ አንዳንድ ቀን ግን ልጇ መሆኑ ይጠፋትና አንቱ ትለዋለች። በእናት አንቱ እንደ መባል የሚያስከፋ ነገር በዓለም ላይ መኖሩን እንጃ።

ያ ፎቶ የተነሳው ከእነዚህ ጠዋቶች በአንዱ ነው። እናቱ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ቆማ ዳቦዋን ታላምጣለች፤ የጫማ ክር ማሰር ከረሳች ቆይታለችና እሱ ተንበርክኮ ያስርላታል። ሚስቱ መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልኳን አወጣችና ቀጭ አደረገችው። እራት ላይ አሳየችው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«እማማ ናቸዋ! ሲስቁ አታይም?»

ቀና በል ስልኩን አራቀው፣ አቀረበው። እናቱ አፏን ከፍታ ትስቃለች፤ ዳቦው ጉንጯን ወጥሮታል። ሻሿ ወደ አንድ ጆሮዋ ተንሸራቷል። ያ ጠባሳ የጠዋት ፀሐይ አርፎበት ቁልጭ ብሏል። ከታች በኩል ደግሞ፣ የፎቶው ጠርዝ የቆረጠው፣ እንደ ተገመሰ ዱባ የሚያብረቀርቅ ነገር አለ።

«ይሄ ዱባ የማን ነው?»

«ያንተው መላጣ ነዋ!»

«ብርሃኑ በአንድ ጎን፣ እግር የለ፣ አፍ ሙሉ ዳቦ፣ ግማሽ መላጣ! ይሄ ፎቶ ሳይሆን ወንጀል ነው። አጥፊው።»

«ምን አደረገህ ሰውዬ?»

«አጥፊው አልኩሽ! እናቴን ማንም እንዲህ ሆና እንዲያያት አልፈልግም።»

ሚስቱ ስልኩን ወደ ራሷ አዞረች፤ አንዴ ሁለቴ ነካ ነካ አደረገችና «ይኸው» አለች። ነገሩም በዚሁ ተረሳ።

አንድ ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ግድም፣ ሰባት ሆነው አብረው ሊነሱ የመጡ ቤተሰቦች ስቱዲዮውን ሞሉት። አባትየው ጥቁሩን ኮት ለብሷል፤ ትንሿ ልጅ አልነሳም ብላ ታለቅሳለች፤ አያትየው መሀል ካልተቀመጥኩ ብለው አኩርፈዋል። ቀና በል የአባትየውን ኮሌታ አቃንቶ ወደ ካሜራው ይመለሳል፤ አይጥመውም፤ ሄዶ እንደገና ያቃናዋል። ያ ኮሌታ ብቻውን ሩብ ሰዓት ፈጀ። ኋላ ቤተሰቡን ሸኝቶ መብራቱን ሲያጠፋ፣ ሰባቱም ሲወጡ «እንደምን አደራችሁ» የሚል ድምፅ አለመስማቱ ትዝ አለው። ዞር ሲል ወንበሩ ባዶ ነበር።

ሮጦ ወጣ። ዳቦ ቤት ገባ፤ ባለ ዳቦ ቤቷ እናቱን ጠዋት እንጂ ከዚያ ወዲህ አላየቻትም። ቁልፍ ቀራጩ እንዳቀረቀረ ነው የዋለ። ለሚስቱ ደወለ፣ ለልጁ ደወለ፤ ምን ብሎ እንደተናገረ ራሱም አያስታውሰውም። ከዚያ በሙያው አሰበ። ሰው እንዲያፈላልግ ፎቶ ማየት አለበት፤ በዓለም ላይ የእናቱን ያህል ፎቶ ያላት እናት ደግሞ የለችም። ከግድግዳው ላይ ከሁሉ የሚወደውን፣ የአምናውን፣ ከነመስታወቱ ከነክፈፉ ነቅሎ ታቅፎ እግሬ አውጪኝ አለ።

መጀመሪያ የደረሰው የአውቶቡስ ፌርማታው ጋ ነው። ትኬት ቆራጯ በመስኮቷ አንገቷን አወጣች።

«እህቴ፣ እኚህን እናት አይተሻቸዋል? አሁን፣ በዚህ አንድ ሰዓት ውስጥ።»

«ውይ፣ ሲያምሩ!» አለች ትኬት ቆራጯ። ክፈፉን ተቀብላ ወደ ብርሃን ሁሉ አዞረችው። «አላየሁም ጋሼ። እኚህን የመሰሉ ወይዘሮ በዚህ ቢያልፉ እንዴት ይጠፉኛል?»

ጋዜጣ ሻጩም አላየም። የባንኩ ጥበቃ ፎቶውን አይቶ «ድሮ ዘፋኝ ነበሩ እንዴ?» አለው። ሊስትሮውም፣ ፍራፍሬ ሻጯም፣ መንገድ ጠራጊዋም ፎቶውን አደነቁ፤ አንዳንዶቹ ስቱዲዮው የት እንደሆነ ጠየቁት። እናቱን ያየ ግን አንድም ሰው ጠፋ። ቀና በል ግራ ገባው። ፎቶው ጥርት ያለ ነው፤ የሽፋሽፍቷ ፀጉር ይቆጠራል። ታዲያ ሰዉ ሁሉ ታወረ ወይስ እናቱ መሬት ሳትረግጥ በአየር ሄደች?

ጥበቃው ተመልሶ መጣ። «የተለየ ምልክት የላቸውም?»

«አላት! ጠባሳ አላት፣ እዚህ ጋ…» እጁን ወደ ጉንጩ አነሳ። ወደ ግራው ወሰደው። ቆመ። ፊት ለፊት ሲያነሳት በእሱ ቀኝ በኩል ነው፣ ስለዚህ የእሷ ግራ… ወይስ መስታወት ውስጥ ያየው ነው? እጁን ወደ ቀኝ ጉንጩ አሻገረው፤ እሱም ልክ አልመሰለውም። ሠላሳ ጊዜ በገዛ እጁ ያጠፋው ጠባሳ በየትኛው ጉንጭ እንደሆነ ጠፋው። ጥበቃው እጁ ከጉንጭ ጉንጭ ሲንከራተት አየና በርኅራኄ ውሃ አመጣለት።

ይሄኔ ልጁ እየሮጠች ደረሰች። ስልኳ አዲስ ነው፣ ከወጣ ሦስት ወሩ።

«አባዬ፣ እኔ ጋ የትናንት ፎቷቸው አለ! ያንተ የአምናው ነው፣ ለዚህ ነው ሰው ያላወቀው» ብላ ስልኩን ዘረጋችለት።

ተመለከተ። እናቱ ናት፣ ትናንት የለበሰችውን ለብሳለች። ፊቷ ግን እንደ ተላጠ እንቁላል ልስልስ ብሏል። መጨማደድ የለ፣ ጠባሳ የለ።

«ይሄን ማን አጸዳው?»

«ማንም።»

«እንዴት ማንም? ጠባሳዋ የታለ?»

«ስልኩ ራሱ ነው አባዬ። ስታነሳው ራሱ ያሳምራል። ሲገዛም እንዲህ ሆኖ ነው የሚመጣው።»

«ማን አዘዘው?»

ልጁ ትከሻዋን ሰበቀች። ቀና በል ክፈፉን በአንድ እጁ፣ ስልኩን በሌላ እጁ ይዞ መንገድ መሀል ቆመ። ሠላሳ ዓመት ዓይኑን ያጠፋበትን ሙያ ይሄ ኪስ የሚገባ ዕቃ ማንም ሳያስተምረው ይሠራዋል። ሊናደድ ይሁን ሊኮራ አላወቀም። አስተማሪዋን «አይበቃም» ያላት በየትኛው አፉ ነው? በቃ ማለት ነው? በቅቶስ ታዲያ ምን ፈየደ? በግራው አንዲት ቆንጆ እናት፣ በቀኙ ሌላ ቆንጆ እናት፤ ሁለቱም ዛሬ በዚህ መንገድ አላለፉም። ሰዓቱ ደግሞ ይሄዳል፤ እናቱ አንድ ቦታ ማን እንደሆነች የማያውቅ ሰው መሀል ቆማለች፣ ምናልባት መንገድ እየተሻገረች ይሆናል። እንባው መጣበት።

ሚስቱ ስትደርስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ቀሚሷ ላይ የክር ቁርጥራጭ ተለጥፏል። የተሰነጠቀ ስልኳን አውጥታ ስትነካካ ቆየችና፣ ዓይኑን ሳታይ፣

«አላጠፋሁትም» አለችው።

«ምኑን?»

«ያንን። አጥፊው ስትለኝ ያጠፋሁ አስመሰልኩ እንጂ አላጠፋሁትም። እማማ ሲስቁ ስለሚያምሩ ነው።»

መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ትኬት ቆራጯ መስኮት ሄዳ ስልኩን አሳየቻት።

«እንዴ!» አለች ትኬት ቆራጯ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ። «እኚህ ናቸው እንዴ! እኚህንማ አየኋቸው! በጠራራ ፀሐይ እየሳቁ ‹እንደምን አደርሽ› ብለውኝ አይደል? ልጄን ከትምህርት ቤት ላመጣ ነው አሉኝና አሥራ ሁለት ቁጥር ላይ ተሳፈሩ። ሳንቲም ሳይዙ ነው እኮ፣ እኔ ነኝ ያሳፈርኳቸው!» ከዚያ ወደ ቀና በል ዞረች። «ምነው ጋሼ፣ መጀመሪያውኑ ይሄን ቢያሳዩኝ! የሌላ ሰው ፎቶ ይዘው መጥተው…»

ቀና በል ክፈፉን ወደ ደረቱ አዙሮ የእናቱን ፊት ደበቀ።

አሥራ ሁለት ቁጥር ውስጥ ሦስቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ክፈፉ ጉልበቱ ላይ ነው። ፊት ለፊቱ የተቀመጠች ሴት ክፈፉን አየች፣ እሱን አየች፣ ከንፈሯንም መጠጠች። «ነፍስ ይማር፤ መቼ አረፉ?» አለችው።

«አልሞተችም!» ሲል የጮኸው አውቶቡሱን አስደነገጠው። ሚስቱ ክንዱን ያዘችው። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ በየመስኮቱ ያለፈችውን አሮጊት ሁሉ ሲቃኝ፣ ሁሉም ሴት እናቱን መሰለችው፤ አንዷም እናቱን አልመሰለችውም። ጠባሳው በየትኛው ጉንጭ ነው የሚለው ጉዳይ አሁንም አልለቀቀውም። የሚስቱን ስልክ ተቀብሎ እንዳያይ ደግሞ አፈረ።

የመጨረሻው ፌርማታ አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ነው። እሱ የተማረበት እንኳ አይደለም። ተማሪዎቹ ከወጡ ቆይተዋል፤ ግቢው ጭር ብሏል። ዘበኛው የራሱን ወንበር አውጥቶላት፣ እናቱ በሩ ሥር እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣለች። የግራ ጫማዋ ክር ተፈትቶ መሬት ይጎተታል። ጠባሳው ግራ ጉንጯ ላይ ነው። ግራ ነበር።

«እማዬ!»

«እንደምን አደሩ» አለችው። «ልጄን አላዩልኝም? ሁሉም ወጥቶ አለቀ፤ የኔው ብቻ ቀረ።»

«እኔ ነኝ እማዬ። እኔ ነኝ ልጅሽ።»

ከጺሙ ሽበት እስከ መላጣው ተመለከተችውና በትዕግሥት ፈገግ አለች። «እርስዎማ ትልቅ ሰው ነዎት።»

«እንሂድ፣ ቤት እንሂድ። ይመሻል።»

«ልጄን ሳልይዝ? ምን ነካዎት?» ወንበሩን በሁለት እጇ ያዘችው።

ልጁ ሞከረች፤ «አያቴ፣ እኔ ነኝ» አለቻት። ወይ ፍንክች። ቀና በል ግራ ቢገባው ክፈፉን አዞረላት። «ይቺን እያት እስቲ። አንቺ ነሽ እኮ። እኔ ነኝ ያነሳሁሽ፣ እዚያ ሰማያዊው መጋረጃ ጋ።»

እናቱ ጎንበስ ብላ መረመረችው። ፊቷ ላይ አንዳች አልተነቃነቀም።

«ቆንጆ ሴት ናት» አለች። «እናትዎ ናት?»

«አዎ» አላት።

«ያኑርልዎ።»

ክፈፉን መሬት አስቀመጠው። ሠላሳ ዓመት ሰው ሲያቃና የኖረ ሰውዬ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት፣ እጁን የት እንደሚያኖረው እንኳ ጠፍቶት፣ እንደ ልጅ ቆመ። ይሄኔ ሚስቱ አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ የተሰነጠቀውን ስልክ ዘረጋች።

እናቱ አየች። አየችና ሳቀች፤ ልክ ፎቶው ውስጥ እንደምትስቀው፣ አፏን ከፍታ።

«ውይ ጉዴ! ሻሼ ወልቆ! አትነግሪኝም ነበር አንቺ?» እጇን ወደ ሻሿ ሰደደች፤ አቃናችው። ከዚያ ጣቷ በስንጥቁ ላይ ወደ ታች ወረደ፤ ያ ግማሽ መላጣ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። በጣቷ ዳበስ ዳበስ አደረገችው።

«ይኸው ልጄ! ጫማዬን ሲያስርልኝ ነው። በየጠዋቱ እሱ ነው የሚያስርልኝ። በይ እሱን ጥሪልኝ።»

ትምህርት ቤት የገባ ልጅ እንዴት መላጣ ሊኖረው እንደቻለ የጠየቃት የለም። ቀና በል ጉልበቱን መሬት አስነካና የተጎተተውን ክር አነሳ። አንዴ አመለጠው፣ ደግሞ ያዘው። በላዩ በኩል የሚስቱን ስልክ ቀጭ ሲል ሰማ። ፀሐዩ ከኋላ ነው፣ ፊታቸው ይጠቁራል፣ አሁንም ግማሹን ትቆርጠዋለች። ይህን ለሚስቱ ሊል አፉን በላው፤ ግን ተወው።

የእናቱ መዳፍ አናቱ ላይ አረፈ።

«መጣህ?» አለችው። «ሁሉም ወጥቶ አለቀ እኮ። ምነው ቆየህ?»

መልስ ፈለገ። መልስ ሞልቶት የኖረ ሰው ነው። የኮሌታውን ነገር አሰበ፣ የሠላሳውን ፎቶ አሰበ፣ ምኑን ከምኑ አስቀድሞ እንደሚነግራት ጠፋው።

«አላውቅም እማዬ» አላት፣ ክሩን እንደያዘ፣ ቀና ሳይል።